ቁም ጸሐፊውን እንዴት እንዳረምኳቸው

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ቀጥሎ የምጽፈው ጥፋት ሁሉ ከዚህ የመነጨ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው ውኃ ሲፈላ ቢያይ ፈላ ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ለምን እንደፈላ ለሚሰማም ለማይሰማም አስረዳለሁ። ቡሬ ከተመደብኩ ወዲህ የባጃጅ ሾፌሮች ስለ ሰበቃ፣ የጎረቤት ልጆች ስለ ጥላ፣ ባለሱቁ ስለ ሚዛን ከእኔ ብዙ ትምህርት አግኝተዋል። አንዳቸውም አመስግነውኝ አያውቁም።

የምኖረው ሰማንያን ባለፉ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ፣ በተከራየሁት ክፍል ነው። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደስ ሲላቸው «ልጄ» ይሉኛል፤ ማስረዳት ስጀምር ደግሞ «የኔታ»። የኔታ የቤተ ክህነት መምህር የሚከበርበት መጠሪያ ነው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን «አሁን ይበቃል» ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ መንፈቅ ፈጅቶብኛል።

የሳሎናቸው ግድግዳ በፎቶ የተሞላ ነው። ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጥቁር ጋዋን ለብሰው፣ ጨርቅ ላይ ከታተመ የመጻሕፍት መደርደሪያ ፊት ቆመው ይስቃሉ። ከዚያ መደርደሪያ አንድም መጽሐፍ መዝዞ ማውጣት አይቻልም፤ ተመራቂዎቹም የሞከሩ አይመስሉም። ከእነሱ በታች፣ መዳፍ በማታህል ክፈፍ ውስጥ፣ አንድ ሰው በእውነተኛ የሥራ ክፍላቸው ተቀምጠዋል። የእማማ አባት ናቸው።

ፎቶው ከዘመን ብዛት ቡናማ ሆኗል፤ መስተዋቱም ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ሰውየው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በብራና ላይ በእጃቸው እየጻፉ የሚያዘጋጁ። አጎዛ በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ብራናው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሁለት የቀለም ቀንዶች፣ አንዱ ለጥቁሩ አንዱ ለቀዩ፣ አጠገባቸው መሬት ላይ ተተክለዋል። ከኋላቸው፣ ከጭቃው ግድግዳ ላይ፣ መጻሕፍት በቆዳ ማኅደራቸው እንዳሉ በየችካሉ ተንጠልጥለዋል። ጠረጴዛ የለም። መብራት የለም። ብርሃኑ በበሩ ነው የሚገባው። ፊታቸው ሥራ ያስፈቱት ሰው ፊት ነው፤ ቶሎ ጨርስና ውጣልኝ ይላል። መቼ እንደተነሡት በትክክል የሚያውቅ የለም። እማማን ስጠይቃቸው «ያኔ ፎቶ ማንሻው በበቅሎ ተጭኖ ነበር የሚመጣ» አሉኝ። ለእሳቸው ይህ በቂ ቀን ነው።

በዚህ መሀል ትምህርት ቤታችን የንባብ ክፍል ሊከፍት ተነሣ። ክፍሉ ቀድሞ የተሰባበሩ ዴስኮች ማጠራቀሚያ ነበር። መጻሕፍቱ በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ በረዶ በሚጥልበት አገር ጽጌረዳን በክረምት እንዴት መንከባከብ እንደሚገባ የሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ አራት ቅጂ ደርሶናል። ለቡሬ ገበሬ ልጆች ጠቃሚነቱ ገና እየተጠና ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ የተስማማበት ነገር ቢኖር ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል መሰቀል እንዳለበት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ አንበሳ ፈለጉ። የስፖርት መምህሩ ኳስ አለ። እኔ እጄን አውጥቼ፣ የንባብ ክፍል ከሆነ ከዚሁ አገር የወጣ የመጽሐፍ ሰው ምስል እንደሚያሻው አስረዳሁ። ማስረዳቴ ረዘም ስላለ ይመስለኛል በፍጥነት ተስማሙ።

ማታ እማማን ጠየቅኋቸው። ፎቶውን አስወርደውኝ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«የወንድሜ ልጆች ሦስት ጊዜ ለምነውኛል» አሉ። «አሳድገን፣ ቀለም ቀብተን፣ ወርቅ ክፈፍ እናድርግለት ብለው። ከለከልኳቸው።»

«ለምን እማማ?»

«ሊያሳምሩት ነዋ። እኔ የሚያሳምርልኝ አልፈለግሁም። ሳልሞት ሰው እንዲያየው ነው የምፈልግ። እሱን ራሱን። እኔ ከሄድሁ በኋላ ማን እንደነበር የሚናገር የለም።»

«እኛ ጋ ሺህ ተማሪ ያየዋል።»

«እንግዲያ ውሰጂው። ግን እንደተቀመጠ ይሰቀል። ምኑንም እንዳትነኩት።»

«መስተዋቱን እንኳን አናስወልቅም።»

«ስለ መስተዋት አላወራሁም» አሉ።

ስለ ምን እንዳወሩ መጠየቅ ነበረብኝ። የሚያስረዳ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ቦታ ላይ ደርሶ፣ የገባው ይመስለውና ያልፋል።

በማግስቱ ፎቶውን መምህራን ማረፊያ ይዤ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«መምህርት፣ እኒህ ሰው የያዙት በግራ ነው።»

ሁላችንም ተጠጋን። እውነት ነበር። ብርዑ በግራ እጃቸው ነው። ማታ ማታ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ አላየሁትም።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ያሳስባል ሊያሰኝ ይችላል። በእኛ አገር ግራ እጅ ብዙ ነገር አይፈቀድለትም። አይጎረስበትም፣ ሰላም አይባልበትም፣ ከሰው ዕቃ አይቀበሉበትም። የቅዱስ መጽሐፍ ቃል የሚጻፍበት ብርዕማ ጭራሽ አይታሰብም። ርዕሰ መምህሩም «ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን በቀኛችሁ ጻፉ እያልን፣ ይህን አምጥተን ብንሰቅል ወላጅ ምን ይለናል? ቤተ ክህነትስ?» አሉ።

የስፖርት መምህሩ ሙዝ እየላጠ «ግራኝ ሆነው ይሆናላ» አለ። «እኔ ጋ የግራ ክንፍ የሚጫወት አንድ ልጅ አለ፤ አልጋ ላይ ሲተኛም በግራው ነው።»

ሳቅንበት። በተለይ እኔ ሳቅሁ። የስፖርት መምህር ስለሆነ ለነገሮች ሁሉ ቀላሉን መልስ የሚይዝ ሰው መሆኑን በትሕትና ገለጽኩለት። ከዚያ ጠመኔ አነሣሁ። የብርሃን ጨረር በሌንስ ውስጥ ሲያልፍ ምስሉ እንደሚገለበጥ ሣልኩ። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ምስሉን መጀመሪያ በመስተዋት ላይ እንደሚያነሡ፣ ከመስተዋቱ ወደ ወረቀት ሲያሻግሩት በየትኛው ፊቱ እንደሆነ ከተሳሳቱ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም አንድ ቃል አላጥፍበትም። ትክክለኛ ትምህርት በማይመለከተው ሰው ላይ መዋሉ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ርዕሰ መምህሩ እፎይ አሉ። «ስለዚህ ስሕተቱ የፎቶ አንሺው ነው።»

«የፎቶ አንሺው ነው። እኛ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን።»

«ሙዝ የሚፈልግ አለ?» አለ የስፖርት መምህሩ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ባነር የሚታተመው ፍኖተ ሰላም ነበር። የቡሬው ማተሚያ ማሽኑ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫው ይመጣል ከተባለ ቆይቷል። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቅዳሜ ፎቶውን በሁለት ፎጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ አድርጌው ስሄድ ረዳቱ ዕቃውን ከላይ ልጫነው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ስለ ንዝረትና ስለ መስተዋት አስረዳሁት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም።

ማተሚያ ቤቱ ያለው ወጣት ፀጉሩን ከጎን ተላጭቶ፣ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር። ፎቶውን ስካን አደረገና ሥራውን ጀመረ።

«ቲቸር፣ ሱፍ ላልብሳቸው?»

«አይሆንም።»

«ከረባት ብቻ?»

«ጋቢ ላይ ከረባት?»

«ያምራል እኮ። ባክግራውንዱንስ? ጢስ ዓባይ አለኝ፣ ውኃው የሚንቀሳቀስ የሚመስል። ወይ ላይብረሪ ይሁንልሽ፤ ለምርቃት የምንጠቀምበት። ይህ ጭቃ ቤት ደብዝዟል።»

«ቤታቸው ነው። እንዳለ ይሁን።»

«እሺ፣ ሻማና ርግብ? ለሙት ዓመት የሚመጣ ሁሉ ርግብ ያዝዛል።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ቁም ጸሐፊውን ከሱፍ፣ ከፏፏቴና ከርግብ ስከላከል ቆየሁ። የእማማን ቃል እየጠቀስኩ ምኑም እንዳይነካ ነገርኩት። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ሊያትመው ሲል፣ ልቤ በኩራት እንደሞላ፣ «አንድ ነገር ብቻ» አልኩት። «ግራና ቀኙን ገልብጥልኝ።»

አንድ ጊዜ ተጫነ። ከብዙ ዘመን በፊት በበቅሎ በመጣ ማንሻ የተነሣ ምስል በአንድ ጣት ዞረ። ብርዑ ቀኝ እጅ ላይ ሆነ። ልጁ «ይኸው፣ ፈጣን ነን» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት።

የምርቃቱ ዕለት ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ። የላስቲክ ወንበሮች ከሦስት ቡና ቤቶች ስለተሰበሰቡ ቀለማቸው ሦስት ዓይነት ነበር። ከወረዳ የመጡ እንግዶች ፊት ለፊት፣ ወላጆች ከኋላ፣ ተማሪዎች ፀሐይ ላይ ተቀመጡ፤ ሥርዓት ነው። እማማን በባጃጅ አመጣኋቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከፋሲካ ወዲህ ከግቢ አልወጡም ነበር። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ሸራው ሥር ሳስቀምጣቸው ክንዴን ጨመቅ አድርገው «እንደተቀመጠ ነው አይደል?» አሉኝ።

«እንደተቀመጡ ናቸው» አልኳቸው።

ለቡራኬ የተጠሩት የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዜማም፣ ቁም ጽሕፈትም ያስተምራሉ። ደብሩ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚነበበው ትልቁ የብራና መጽሐፍ የእማማ አባት የጻፉት ነው፤ መሪጌታም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያነቡበታል። እማማ ሲያዩዋቸው ተነሥተው ተሳለሙ፤ ሲቀመጡ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ። የድካም መስሎኝ ውኃ አቀረብኩላቸው።

መጋረጃው ተነሣ። ሦስት ሜትር ቁመት ያላቸው ቁም ጸሐፊ፣ ብርዑን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ፣ ከሸራው ፊት ለፊት ያለውን የክፍሉን ግድግዳ ሞሉት። ጭብጨባ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ እኔን ወደ ማይክራፎኑ ጠሩኝ። የተፈቀደልኝ ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ሰባት ተጠቀምኩ። ስለ ሌንስ አስረዳሁ። ስለ መስተዋት አስረዳሁ። የቀደመው ፎቶ አንሺ ባለማወቅ ሰውየውን ግራኝ አስመስሏቸው እንደነበር፣ ዘመናዊ ሳይንስ ግን ስማቸውን እንዳጠራላቸው ነገርኩ። በደንብ አስታውሳለሁ፣ «አርመናቸዋል» ነው ያልኩት።

በንግግሬ መሀል እማማን አየኋቸው። ባነሩን አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት። የሚጮህ ሰው ፊት አልነበረም። ዕቃውን አደራ ሰጥቶ ሲመለስ ያጣው ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ እንኳን አልገባኝም፤ ድምፅ ማጉያው ጮኾባቸው መስሎኝ ወደ ኋላ ራቅ አልኩ።

መሪጌታ ለቡራኬ ተነሡ። ባነሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ትንሿ ፎቶ ላይ እንደ ጉንዳን የሚታዩት የብራናው ፊደላት አሁን የቡጢ ያህል ሆነዋል። መሪጌታ አንገታቸውን አዘነበሉ። ወደ አንዱ ጎን ሄዱ፤ ተመለሱ። ጨፍነው የሚናገሩት ሰው ዓይናቸው ተከፍቶ ቀረ።

«መምህርት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ፊደሉ ማንን ቢፈራ ነው ፊቱን ያዞረ?»

«ምን አሉኝ አባታችን?»

«ይህ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፊደልም ጀርባውን ሰጥቶናል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው አላውቅም።»

ቀና ብዬ አየሁ። የግእዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህን የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። ባነሩ ላይ ግን ሁሉም ተገልብጧል። ስለዚህ ዋናው ፎቶ ትክክል ነበር። ስለዚህ ፎቶ አንሺው አልተሳሳተም። ስለዚህ ብርዑ የነበረው ግራ እጅ ላይ ነው። ለተማሪዎቼ እንዲህ በተርታ የሚመጣ ማስረጃ በጣም እወድላቸዋለሁ። በራስ ላይ ሲመጣ ግን ጣዕሙ ሌላ ነው።

ከኋላ የስፖርት መምህሩ ድምፅ ተሰማ፤ «እኔ ብያለሁ»።

እማማ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ማይክራፎን አልፈለጉም።

«አባቴ ግራኝ ነበር» አሉ። «ልጅ ሆኖ ፊደል ሊቆጥር ሲገባ ግራውን በጠፍር አሰሩበት፤ ቀኙ እስኪለምድ። አልለመደም። ሰው ፊት በቀኙ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ የዶሮ ጭረት ነው። መጽሐፉን የጻፈው በዚያኛው ነው። እናቴ ደጅ ላይ ጥጥ እየፈተለች ትቀመጥ ነበር። ሰው ሲመጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደምን ዋላችሁ ትላለች፤ እሱ ብርዑን ያዛውራል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ኖሩ። አንድ ቀን ብቻ ያ ፎቶ አንሺ መጣ። የሩቅ አገር ሰው ነው፣ አያውቀንም። አባቴ መጀመሪያ በቀኙ ይዞ ተቀመጠለት። ከዚያ ቆይ አለውና አዛወረ። እንዳለሁ አንሣኝ አለው።»

ቀጥሎ ያሉትን ወደ እኔ ዞረው አይደለም፤ ለባነሩ ነው የተናገሩት።

«ይቺ ልጅ ደግሞ ዛሬ አቃናችልኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው መርሐ ግብሩ ሪባን ወደ መቁረጥ እንደሚያመራ አስታወቁ። የወረዳው እንግዳ ሪባኑን ቆረጡ፤ በቀኝ እጃቸው፣ በጥንቃቄ። መሪጌታ ቡራኬውን በአጭሩ ሰጡና ምሳ ሳይበሉ ሄዱ።

በባጃጁ ስንመለስ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ዐረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። እማማ ቀድመውኝ «መጽሐፉን ይመልሱት ይሆን?» አሉ።

«የቱን?»

«የደብሩን። በግራ የተጻፈ መጽሐፍ አናነብም ቢሉስ? ስልሳ ዓመት ነው የተነበበው። እኔ እንደ ትልቅ ሰው አስቤ፣ ፎቶውን ቀስ እያሉ ያዩታል፣ ከለመዱት በኋላ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። እንዲህ በማይክራፎን አልነበረም።»

ሾፌሩ በመስተዋቱ ሲያየኝ አየሁት፤ ዝም ስል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ስንደርስ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አጭር አድርጌ። ትንሿን ፎቶ እጄ ላይ አስቀመጡና «ይህችን ስቀሉ» አሉ። «ምንም እንዳትጽፊባት። ከሥሯ ወረቀት እንዳይለጠፍ። የሚያይ ይይ፣ ያላየ ይለፍ።» ሦስት ዓመት ሥልጠና የወሰድኩት ከሥዕል ሥር መግለጫ እንድጽፍ ነው። ፎቶዋን በማግስቱ ሰቀልኳት፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ባነሩን ዘበኛው ወስዶ የጎጆውን ጣሪያ አለበሰበት። ላስቲኩ ጥሩ ነው፣ አያፈስም ይላል።

ሳምንቱ ሙሉ እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የደብሩን መንገድ ያዩ ነበር። ጠዋት የቅዳሴው ድምፅ ሲሰማ ጆሯቸውን ያቀናሉ። ከሩቅ ማንኛው መጽሐፍ እንደሚነበብ መለየት አይቻልም፤ የድምፅን ሞገድ ጠባይ ስለማውቅ ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም።

እሑድ ከቀትር በኋላ መሪጌታ መጡ። ትልቁ ማኅደር ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እማማ አይተው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ተነሥተው ተሳለሙና፣ «ያስቀምጡልኝ እንግዲህ» ብለው መደቡን በእጃቸው አሳዩ።

መሪጌታ ተቀመጡ። መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጡ፣ ተሳለሙት፣ መሀሉ ላይ ገለጡት።

«ፎቶው የት አለ?»

«ትምህርት ቤት» አልኩ። ስልኬ ላይ ያነሣሁትን አሳየኋቸው፤ ያልተገለበጠውን።

ለረጅም ጊዜ ስልኩንና ገጹን አፈራርቀው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ሳይነኩ አሳለፉት። «እዩት» አሉ። «ሌላው ጸሐፊ ሁሉ ፊደሉን ቀጥ ያደርጋል፤ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት ያዘነብላል። ይህ ወደ ግራ ነው የሚያዘነብል። ወፍራሙ ጭረትም ሌላው ጋ ቀጭን በሆነበት ነው። እኔ ይህን የጥንት የፊደል አጣጣል ነው፣ የጠፋ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምን ነበር። ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን እንዲህ ጻፉ ብዬ አስተማርኩ።»

እማማ ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ።

«ብራናውን የሚያጣምም ተማሪ አየሁ። አንገቱን የሚያጣምም አየሁ። አንዱ ክንዱን ከጎኑ ጋር በመቀነት አሥሮ ይጽፍ ነበር። አንዳቸውም አልቻሉም። ሁሉንም ሰነፍ አልኳቸው።»

«መቷቸው?» አሉ እማማ።

«አልፎ አልፎ።»

«በቀኛቸው ስለጻፉ?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በቀኛቸው ስለጻፉ» አሉ።

እማማ መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሣቁ ነበር። እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። መሪጌታ እስኪያቆሙ ጠበቋቸው፤ የእሳቸውም ጢም ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር።

«መጽሐፉ ማታ ቦታው ይመለሳል» አሉ። «ነገም ይነበብበታል። የመጣሁት ለሌላ ነው። አባትዎ ብርዑን እንዴት ነበር የሚቆርጡት? አፉን ወደየት አግድመው?»

ከእናታቸው ሞት ወዲህ ስለዚህ ያነጋገራቸው ሰው አልነበረም። እማማ ቢላ አምጪልኝ አሉኝ። መሪጌታ ከማኅደሩ ኪስ ያልተቆረጠ መቃ አወጡ። እማማ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸው እንደልብ ስለማያይ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ ጫፉን ሌሎች ከሚቆርጡበት በተቃራኒ አግድመው ቆረጡት። መሀሉን ሰነጠቁት። ምላሳቸው ላይ ነክተው ሞከሩት።

መሪጌታ ብርዑን ተቀበሉ። በቀኛቸው ነበር የተቀበሉት፤ ቆም አሉና ወደ ግራቸው አዛወሩት። እኔ ከደብተሬ አንድ ገጽ ገነጠልኩላቸው። ሰው ስልሳ ዓመት በአንድ እጁ ሲሠራ ኖሮ ሌላኛውን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ተገተረ። ብርዑ ወረቀቱን ሳይነካ አየር ላይ ቆመ።

እማማ የክርናቸውን ሥር በሁለት ጣት ነኩላቸው።

«ይልቀቁት አባታችን» አሉ። «እዚህ የሚመታዎ የለም።»